«ተወው፣ በኋላ እነግርሃለሁ»፦ መስማት የተሳናቸው ሠዓሊያን ምን ይሥላሉ?

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያወጡለት የስፌት መኪኖቹ ናቸው ይባላል፤ ግራና ቀኝ ተደርድረው ከጠዋት እስከ ማታ ሲያጓሩ ሰፈሩ አንድ ትልቅ ሞተር የተገጠመለት ይመስላል። ከእነዚህ መኪኖች በአንዷ ላይ የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘበትን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። ክር ሲበጠስ፣ መርፌ ሲዶለዱም፣ ቺንጋዋ ሲላላ የሚያውቀው በእግሩና በመዳፉ ነው፤ ንዝረቱ ይለወጥበታል። ሰፈሩን ሲጠራ ደግሞ ሁለት እጁን ጎን ለጎን ዘርግቶ የማይታይ ጨርቅ ወደ ፊት ይገፋል። የእኛ መኪና ግርግር የድምፅ ስም ነው፤ የእሱ የእጅ ሥራ ስም።

የተዋወቅነው ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ነው። ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ፣ ባለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሣለ ሥዕል በመርፌ ተሰክቷል። ቡና ተፈልቶ ሰው ከቦ ተቀምጧል። ስድስት ሰዎች አሉ፤ የአምስቱ የሚታየው ጀርባቸው ብቻ ነው። ግን ምን ዓይነት ጀርባ! የሹሩባው እያንዳንዱ ጉንጉን፣ የነጠላው ጥለት፣ የአንዱ ሽማግሌ ኮፍያ ስፌት ሳይቀር ተቆጥሮ ተሥሏል። ፊቷ የሚታየው ሲኒ የምታቀብለው ሴት ብቻ ናት፤ የእሷም ዓይን ያለው ሲኒው ላይ ነው። ከሥዕሉ ጥግ ደግሞ ሲኒውን ለመቀበል የተዘረጋ እጅ ይታያል። የእጁ ባለቤት የለም፤ እጁ የሚመጣው ሥዕሉን የሚያየው ሰው ከቆመበት በኩል ነው።

«ለምን ጀርባ ጀርባቸውን?» ብዬ በምልክት መሰል ነገር ጠየቅሁት። ወደ ከንፈሬ ጠቆመ። ቀጥሎ በርጩማው ላይ ዞረና ጀርባውን ሰጥቶኝ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እኔም ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ፣ ሱሪዬን እንደታቀፍኩ ጀርባውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ሲመለስ እየሳቀ ነበር።

ሥዕሉን ያየ ደንበኛ ሁሉ «አይ ምስኪን!» እንደሚል ስልኩ ላይ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ጆሮዬን እኮ አልሣልኩም» ሲል ጨመረበት። እውነቱን ነው፤ የእሱ ጆሮ ሥዕሉ ውስጥ የለም። ያለው የእኛ የሰሚዎቹ አቀማመጥ ነው። አማርኛ «ጀርባ ሰጠው» ሲል ከዳው፣ ዘነጋው ማለቱ ነው፤ ልጁ አባባሉን እንዳለ አንስቶ ወረቀት ላይ አስቀምጦታል። መስማት የተሳናቸው ሠዓሊያን በየአገሩ የሚሠሩትን ለማስረዳት ከዚህ ካላንደር የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። መገለል ጆሮ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሐኪም እንጂ ሠዓሊ አያየውም ነበር። ሰዎች መሃል ስላለ ግን ይታያል፤ የሚታይ ነገር ደግሞ ይሣላል።

ጆሮ ሌላ፣ ሕዝብ ሌላ

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለም። «ደንቆሮ» ማለት በመነሻው ጆሮው የማይሰማ ነው፤ ዛሬ ግን ስድብ ሆኗል፤ ከእሱ የወጣው «ድንቁርና» ደግሞ ዕውቀት ማጣት ነው። ጆሮና አእምሮ በአንድ ቃል ተቋጥረዋል። «ሰማህ?» ስንል ብዙ ጊዜ «ገባህ?» ማለታችን ነው። የጥንቱ አዋጅ ነጋሪም ነጋሪት አስጎስሞ «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ይል ነበር፤ አዋጁን በዓይኑ የሚጠብቅ ሰው በሕዝቡ መሃል ሊኖር እንደሚችል ያሰበ አልነበረም። «መስማት የተሳናቸው» የሚለው አጠራር ስድቡን አስቀርቶልናል፤ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ያም ሆኖ ሰውን የሚጠራው በጎደለው ነገር ነው። መስማት የተሳናቸው ሠዓሊያን ከሚታገሉት ነገር አንዱ ይኸው ነው፤ ባለን ነገር ብንጠራ ምን እንመስል ነበር?

ነገሩን ሁለት ቁጥሮች ግልጽ ያደርጉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕክምና ወይም እገዛ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር ያለባቸውን ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ ያደርሳቸዋል። እዚህ ውስጥ በዕድሜ ጆሮአቸው የከበደ አያቶቻችን ሁሉ አሉ። በ1951 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የተመሠረተው የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን ደግሞ የሚናገረው ስለ 70 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችና ከ200 በላይ ስለሆኑ የምልክት ቋንቋዎች ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሚቆጥረው ጆሮ ነው። ሁለተኛው የሚቆጥረው ሕዝብ ነው፤ ቋንቋ ያለው፣ ቀልድ ያለው፣ ወግ ያለው።

ወጉ ምን ይመስላል? ሰው ሲጠራ ወለሉን በእግር መምታት ወይም መብራቱን ብልጭ ድርግም ማድረግ አለ። በወሬ መሃል ዓይንን ማንሳት እኛ ጋ ጆሮ ዳባ ልበስ እንደ ማለት ነው። ሰውም በምልክት ስም ይወጣለታል፤ ስሙ ከመልኩ፣ ከጠባሳው፣ ከልማዱ ወይም ከገጠመው ይመነጫል። እኔ ልብስ ሰፊው ዘንድ ስሜ ጉልበት አካባቢ ቆንጠጥ ተደርጎ ወደ ላይ የሚታጠፍ ጨርቅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የረዘመ ሱሪ» ሆኜ ቀርቻለሁ፤ አቤቱታ የለኝም።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ በእጅ የሚነገር አማርኛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። መስማት የተሳናቸው ዜጎች ብሔራዊ ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቋንቋውንና ባህሉን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የእጅ ፊደሉ ነው። እንደ ገበታችን ሁሉ እያንዳንዱ ፊደል አንድ መነሻ ቅርጽ አለው፤ ቅርጹን የሚሠሩት ጣቶች ናቸው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሳልስ እያለ እስከ ሳብዕ የሚሄደው ለውጥ ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይታያል። እኛ ፊደሉ ላይ እግርና ቀለበት እንቀጥላለን፤ እነሱ እጁን ያንቀሳቅሱታል። ፊደላችን በእጅ ላይ ያን ያህል ተስማምቶት ሳለ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድም ሰው አላሳየኝም።

እዚህ ላይ ይህን ባህል ከሌሎች ባህሎች የሚለየው አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ሐረሪው ጌ ሲናንን፣ ኦሮሞው አፋን ኦሮሞን ከእናቱ ጉያ ይወርሳል። መስማት የተሳነው ልጅ ግን ቋንቋውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከቤት ውጭ፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ለእሱ የትምህርት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋው የሚወለድበት ቦታ ነው። ቀጥሎ የምናያቸው ሥዕሎች ለምን ያን ያህል እንደሚቆጡ የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው።

እጅ በካቴና

ቤቲ ሚለር አሜሪካዊት ሠዓሊ ናት፤ በ1934 እ.ኤ.አ. መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ተወለደች፣ በ2012 አረፈች። በ1972 ከሣለቻቸው አንዱ የብዕር ሥዕል ሁለት እጆችን ያሳያል። አንጓው ላይ ካቴና ገብቷል፤ ጣቶቹ ተቆራርጠዋል። ርዕሱ በግርድፉ «የምልክት ቋንቋ ክልክል ነው» ማለት ነው። ለሚሰማ ሰው እጅ የታሰረ እስረኛ ይታየዋል። በምልክት ለሚናገር ሰው ግን የተቆረጠው ምላስ ነው።

ይህ ከየት መጣ? በ1880 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩ ሰዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። ከ160 በላይ ከነበሩት ተሰብሳቢዎች መስማት የተሳነው አንድ ብቻ ነበር። ጉባኤው በምልክት ማስተማር ይቅር፣ ልጆቹ በአፍ መናገርና ከንፈር ማንበብ ይማሩ ብሎ ወሰነ። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ተከተሉ፤ ምልክት ሲጠቀሙ የተገኙ ልጆች እጃቸው ላይ ይመቱ፣ እጃቸው ላይ እንዲቀመጡ ይደረጉ ነበር። ዊልያም ስቶኪ የተባለ ምሁር የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን በጥናት ያሳየው በ1960 ነው፤ የሚለር ሥዕል የመጣው ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ ነው። የሚላኑ ጉባኤ ወራሽ የሆነው ስብሰባ ቫንኩቨር ላይ ተቀምጦ ያንን ውሳኔ የማይቀበል መሆኑንና መጸጸቱን የገለጸው በ2010 ነው። አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

በ1989 እ.ኤ.አ. ግንቦት መጨረሻ ላይ ሚለርና ስምንት ሌሎች ሠዓሊያን ዋሽንግተን በሚገኘው፣ መስማት ለተሳናቸው በተቋቋመው ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ለአራት ቀን ተቀምጠው አንድ ማኒፌስቶ ጻፉ። ለሚሠሩት ጥበብ «ዴቪያ» የሚል ስም አወጡ፤ መስማት የተሳነው ሰው ዓለምን የሚያይበት የምስል ጥበብ እንደ ማለት ነው። ማኒፌስቶው አጭር ነው፤ አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ለያይቶ ያስቀምጣል። መስማት የተሳነው ሠዓሊ ሁሉ ይህን ጥበብ ይሠራል ማለት አይደለም። የስፔኑ ጎያ በ1790ዎቹ መጀመሪያ ታምሞ ጆሮው ጠፋ፤ በኋላ የእጅ ፊደል ሣለ እንጂ ትልልቆቹ ሥራዎቹ ስለ ጦርነትና ስለ ሰው ጭካኔ ናቸው። የካሊፎርኒያው ግራንቪል ሬድመንድ መስማት የማይችል ሠዓሊ ነበር፤ የቻርሊ ቻፕሊን ወዳጅም ነበር፤ የሚሣለው ግን አበባ ያለበሰው ኮረብታ ነው። በሌላ በኩል መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ተወልዶ በምልክት ያደገ ሰሚ ሰው ይህን ጥበብ ሊሠራ ይችላል። መለኪያው ሥራው ከዚያ ኑሮ መፍለቁ ነው።

ማኒፌስቶው የሥዕሎቹን ጠባይም ይጠቅሳል፤ የሚጋጩ ደማቅ ቀለሞች፣ ወደ መሃል የተሰበሰበ ትኩረት፣ ከልክ ያለፉ ዓይኖች፣ አፎች፣ ጆሮዎችና እጆች። ይህን ሳነብ ፈገግ ነበር ያልኩት። እኛ እኮ ከልክ ያለፈ ዓይን ማንበብ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት ያዩናል፤ አረመኔውና ሰይጣኑ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ማንም ሰው «ሠዓሊው ሁለተኛውን ዓይን ረሳው» አይልም። የማያይህ ሰው ክፉ ነው፣ ፊት ለፊት የሚያይህ ወዳጅህ ነው የሚለውን ሥዕሉ ያለ ቃል ነግሮናል። የልብስ ሰፊው ጀርባዎች ከዚህ ብዙ አይርቁም።

ከንፈር የማይነግረው

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ፤ ሳስበው ከካቴናው ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው።

ሱዛን ዱፐር የምትባል አሜሪካዊት በ1991 እ.ኤ.አ. የሣለችው «የቤቱ ውሻ» የሚባል ሥዕል አለ። ቤተሰቡ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ልጅቷ እግራቸው ሥር ወለሉ ላይ እንደ ውሻ ሆናለች። የቤተሰቡ ፊት በሙሉ ደብዝዟል፤ የልጅቷ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ማንም አልመታትም፣ ማንም አላባረራትም። ውሻ የሚወደድ የቤት አባል ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይደባበሳል። የሚወራው ብቻ አይነገረውም። ፊታቸው የደበዘዘውም ለዚህ ነው፤ ከንፈራቸው የሚነበብ አይደለም።

«ከንፈር ያነባሉ አይደል?» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እስቲ መስታወት ፊት ቆማችሁ ድምፅ ሳታወጡ «በረረ» በሉ፤ ቀጥሉና «መረረ» በሉ። ከንፈራችሁ የሠራው አንድ ነገር ነው። አሁን «ቀጠለ» በሉ፣ ከዚያ «ገደለ»። ልዩነቱ ያለው ጉሮሮና አፍ ውስጥ ስለሆነ መስታወቱ ምንም አያሳያችሁም ማለት ይቻላል። «ታሪኩ ቀጠለ» ሊሆን ይችላል፣ «ገደለ» ሊሆን ይችላል፤ ለአንባቢው የቀረው መገመት ነው። ይህ እንግዲህ ተናጋሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ብርሃን ኖሮ፣ አፉን በእጁ ሳይሸፍን፣ ጫት ሳይዝ፣ አንድ ሰው ብቻ ሲናገር ነው። ሐረር ደግሞ ሐረር ናት። ግድር መጋላ አንድ ኪሎ ቲማቲም ለመግዛት በኦሮምኛ ሰላምታ ይሰጣል፣ በአማርኛ ዋጋ ይጠየቃል፣ ክርክሩ በሐረሪ ያልቃል። የምንኮራበት ነገር ነው፤ እኔም እኮራለሁ። ከንፈር የሚያነብ ሰው ግን ገና የትኛው ቋንቋ እንደተጀመረ ሳይለይ ቲማቲሙ ተመዝኖ ያልቃል።

ቡና ላይ ስድስት ሰው ሲያወራ የሚሆነውን ልብስ ሰፊው ጽፎልኛል። አንድ ሰው ይናገራል፤ እሱ ዓይኑን ወደዚያ ሲያዞር ሌላው ጀምሯል። ወደ ሌላው ሲዞር ሁሉም ስቀዋል። የጎኑን ሰው ነካ አድርጎ «ምን ተባለ?» ይላል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ተወው፣ በኋላ እነግርሃለሁ።» በኋላ የሚነገረው ደግሞ አሥር ደቂቃ የተሳቀበት ወሬ በሦስት ቃል ታጥፎ ነው፤ «ስለ አጎቴ ነው።» በዚህ የተነሳ የአጎቱን አመል፣ የአያቱን ታሪክ፣ ማን ከማን ለምን እንደተኳረፈ ሳያውቅ አደገ። ለቤተሰቡ ፍቅር የለውም ወይም እነሱ አይወዱትም ማለት አይደለም። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ተዘግቶበታል እንጂ፤ ሌላው ልጅ ሳይጠየቅ፣ ሳይፈተን፣ ጥግ ተቀምጦ የሚማርበት ትምህርት ቤት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፈው ልተው አልችልም። ያን ዓረፍተ ነገር ስልኩ ላይ ጽፎ ሲያሳየኝ «ተወው» የሚለው ላይ ጣቱን አስቀመጠ። «ተወው» ትእዛዝ ነው፤ ይቅርብህ ማለት ነው። «ተወው» ታሪክም ነው፤ ጥሎት ሄደ ማለት ነው። ሲጻፍ አንድ ናቸው። እሱ ቃሉን የሚያውቀው ሲጻፍ ነው።

ቁጣም ቀልድም

ሥዕሎቹ ሁሉ እንዲህ የሚያሙ ከመሰላችሁ ቻክ ቤርድን ባታዩት ያስቆጫል። ከ1947 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የኖረ አሜሪካዊ ነው። የምልክቱን እጅና ምልክቱ የሚጠራውን ነገር አንድ ላይ አዋሕዶ ይሥላል፤ «አዞ» የሚለውን ምልክት የሚሠሩት ሁለት እጆች ራሳቸው የአዞ መንጋጋ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንግዳ እንስሳ ያያል፤ የሚያውቅ ሰው ቃሉን አንብቦ ይስቃል። እዚህ የውጭ ሰው የሆነው ሰሚው ነው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀልዱ ያመለጠው እሱ ነው። ስለዚህ ጥበብ የሚጽፉ ሰዎች ሥራዎቹን በግርድፉ ሁለት ይከፍሏቸዋል፤ በደልን የሚቃወሙና ማንነትን የሚያከብሩ። እኔ ክፍፍሉን ብዙም አላምነውም፤ የልብስ ሰፊውን ሹሩባዎች ከየትኛው ወገን አድርጌ ልመድባቸው? ጀርባ ናቸው፤ ግን በፍቅር ነው የተሣሉት።

ክሪስቲን ሰን ኪም ደግሞ ቁጣን በፕሮትራክተር ትለካለች። በ1980 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ተወለደች፣ በርሊን ትኖራለች። በ2018 በከሰል የሠራቻቸው ሥዕሎች የሒሳብ ደብተር ይመስላሉ። ጠባብ ማዕዘን ለትንሽ ብስጭት፣ ሰፋ ያለው ለበለጠ፣ እያለ እስከ ሙሉ ክብ ይሄዳል፤ አጠገባቸው ያበሳጫት ነገር በእጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ በጉዞ ላይ፣ በትምህርት ቤት፣ በጥበብ ዓለም ውስጥ የገጠማት። ብልሃቱ ግልጽ ነው። መስማት የተሳነው ሰው ሲቆጣ «ስሜታዊ ነው» ይባላል፤ እሷ በቀዝቃዛ ሒሳብ አስቀመጠችው። በየካቲት 2020 ሱፐር ቦውል በሚባለው የአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ ላይ ብሔራዊ መዝሙሩን በምልክት እንድታቀርብ ተጋብዛ ነበር። ሜዳው ላይ ቆማ አቀረበች፤ የቴሌቪዥኑ ካሜራ ግን ጥቂት ሰከንድ አሳይቷት ወደ ተጫዋቾቹ ዞረ። በእጅ የሚነገር ቋንቋ ካሜራ ሲዞር ይቋረጣል፤ ማይክራፎን ከማጥፋት አይለይም። ያ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አንባቢው ይገምት።

ምስል ለምን? የሚል ጥያቄ ቢነሳ መልሱ ለእኔ ቀላል ነው። ከድሬዳዋ ብዙ ሳይርቅ ለገ ኦዳ በሚባለው ቦታ አለት ላይ የተሣሉ ከብቶችና ሰዎች አሉ። የሠሩት ሰዎች ምን ቋንቋ እንደተናገሩ የሚነግረን የለም፤ ከብቶቹ ግን ይታያሉ። በእጅ የሚነገር ቋንቋ ለብዙ ዘመን ተጽፎ አልተቀመጠም፤ ሥዕልና በኋላም ፊልም ነበሩ መዝገቡ።

ሙዚየም ውስጥ

አንድ ቀን ከልጁ ጋር አንድ ሙዚየም ገባን። አስጎብኚው ደግ ሰው ነበር። ችግሩ ጌጡን ሲያብራራ ወደ ጌጡ ዞሮ፣ በጣቱ እየጠቆመ፣ እየተራመደ ነው የሚናገረው። እኔ ዓይኔን ጌጡ ላይ ጥዬ በጆሮዬ እሰማለሁ። ልጁ ግን ያለው አንድ መንገድ ነው፤ ወይ ጌጡን ያያል ወይ ሰውየውን። አስተርጓሚ እንኳ ቢኖር ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያይም። መፍትሔው የሚያስወጣው ወጪ የለም፤ መጀመሪያ ፊት ለፊት ቆሞ መናገር፣ ከዚያ ዝም ብሎ ማሳየት፣ ዓይን ሲመለስ መቀጠል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ የምልክት ቋንቋዎችና የመስማት የተሳናቸው ባህል ዕውቅናና ድጋፍ ማግኘት መብት ነው ይላል። በባህል ሕይወት የመሳተፍ መብት የሠፈረውም እዚያው አንቀጽ ላይ ነው። ለአስጎብኚው ይህን አልነገርኩትም፤ ክንዱን ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ልጁ አዞርኩት እንጂ።

ከሙዚየሙ ይልቅ ልጁ የወደደው አንድ የሐረሪ ቤት ነበር። «ጌ ጋር» የሚባለው ይህ ቤት ውስጥ ስትገቡ አምስቱ መደቦች፣ ነደባዎቹ፣ ከፍና ዝቅ ብለው በአንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፤ ግን ሁሉም ሁሉንም ያያል፤ በሩም ይታያል። ጋሎዴት ውስጥ ከ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምልክት ለሚናገሩ ሰዎች የሚመች ሕንፃ እንዴት ይሠራል ብለው ያጠኑ ነበር። ከደረሱባቸው ነገሮች ዋናው ይኸው ነው፤ ዓይን ለዓይን የሚያገናኝ አቀማመጥ፣ ለስላሳ ብርሃን፣ ጎን ለጎን እያወሩ የሚሄዱበት ሰፊ መተላለፊያ፣ እጅን አጉልቶ የሚያሳይ የግድግዳ ቀለም። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሰፌድና የሳህን ብዛት ግን ዓይን ይሰርቃል፤ ከፊቱ ቆሞ በምልክት ለሚያወራ ሰው የማይመች ይመስለኛል። ልጁ አልተስማማም። መሃሉ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየና ከላይኛው ነደባ እስከ በሩ ድረስ በጣቱ መስመር አሠመረ። አንዱንም የሚያቋርጠው ጀርባ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ለዚህ ጽሑፍ የቡናውን ሥዕል ፎቶ ላነሣው ፈልጌ ሄድኩ። መዳፉን ወረቀቱ ላይ ዘረጋና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ስልኩን አውጥቶ ጻፈ፤ «ጋሼ፣ ገና ነው። ታላቅ እህቴ ትናንት ሌላ ሹሩባ ተሠርታ መጣች።» የድሮዎቹን ጉንጉኖች በፍሉድ አጥፍቷቸዋል። እስኪደርቅለት ድረስ የሰው ጃኬት ዚፕ እየቀየረ ነበር።